የተባረከ ኩረጃ

ሊዮ ፌንደር ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ቀልድ ይመስላል፤ ግን እውነት ነው። በኤሌክትሪክ ጊታር ታሪክ ውስጥ ስሙ ከማንም በላይ የሚጠራው ሰው ዕድሜውን በሙሉ ለጊታረኞች ዕቃ ሲሠራ ኖሮ፣ ጊታር መምታት ሳይማር በ1991 አረፈ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ታሪኩ የእነሱ ስለሆነ ቁጥሩንም እንደያዙት ትተንላቸዋል።) የተማረው የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ነበር። በአሜሪካ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ከሥራ ሲያፈናቅለው፣ በ1938 ስድስት መቶ ዶላር ተበድሮ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በብርቱካን እርሻዋ በምትታወቀው ፉለርተን የራዲዮ ጥገና ሱቅ ከፈተ። ሰዎች የተበላሸ ራዲዮና አልጮኽ ያለ የሸክላ ማጫወቻ ይዘውለት ይመጣሉ፤ እሱም ይፈታል፣ ያያል፣ ይበይዳል፣ ይመልሳል። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈራችን አይጠፋም። የፉለርተኑ ጠጋኝ ዘንድ ግን ሙዚቀኞችም ይመጡ ነበር።

ዛሬ ልናወጋችሁ ያሰብነው ከጊታሩ ኋላ ስለሚቆመው ሣጥን ነው፤ ስለ አምፕሊፋየሩ፣ በሙዚቀኞቹ አፍ ስለ አምፑ። ይህን ሣጥን ዛሬም በብዙ አገሮች ሰዎች ቤታቸው ቁጭ ብለው፣ ከባዶ የብረት ሳጥንና ከአንድ ጭብጥ ሽቦ ተነሥተው በእጃቸው ይሠሩታል። መሐንዲስ መሆን አይጠበቅባቸውም። የሚሠሩትም አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ የ1950ዎቹ ንድፍ ነው። በኪሳችን የያዝነውን ስልክ ቤታችን ልንሠራው ቀርቶ ክዳኑን መክፈት በማንደፍርበት ዘመን፣ የሰባ ዓመቱ አምፕ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እንዴት ሊሠራ ቻለ? ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣን ሰዎች ነንና ጥያቄውን ይዘን የኋላውን ታሪክ ስናገላብጥ፣ ያገኘነው መልስ በአንድ ቃል ይገባል፦ ኩረጃ።

ኩረጃ ስንል የፈተና አዳራሽና የፈታኝ ዓይን ትዝ እንደሚላችሁ እናውቃለን። የዚህኛው ኩረጃ ጠባይ ለየት ይላል። አስኮራጁም ኮራጁም በይፋ ነው የሚሠሩት።

ነገሩ የሚጀምረው ከሙዚቃ በጣም ርቆ ነው። በ1904 ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ የተባለ እንግሊዛዊ፣ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት የመስታወት አምፖል ውስጥ ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያልፍ አደረገ። ውኃን ወደ ፊት አሳልፎ ወደ ኋላ እንደማይመልስ የቧንቧ መዝጊያ ነውና "ቫልቭ" ተባለ። አሜሪካኖች "ቲዩብ" ይሉታል፤ እኛ የራዲዮ ጠጋኞቻችንን ተከትለን ቫልቭ እንላለን። በ1906 ደግሞ ሊ ደ ፎረስት የተባለ አሜሪካዊ መሀል ላይ አንዲት እንደ ወንፊት ያለች የሽቦ መረብ ጨመረበት። ጨዋታው ያለው እዚህች መረብ ላይ ነው። ከአምፖሉ መካከል የሚግል ብረት አለ፤ ሲግል ኤሌክትሮን ይተፋል። ዳር ላይ በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ የሚጠራ ሳህን አለ። መረቧ በሁለቱ መካከል የቆመች ዘበኛ ናት። ዘበኛዋ ላይ ኢምንት ቮልት ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር፣ በበሩ የሚያልፈው ትልቅ ጅረት አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ከጊታር ክር የሚመጣው ደካማ ምልክት ግድግዳ የሚያናውጥ ድምፅ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ጥቅሙ ቀድሞ የገባቸው የስልክ ሰዎች ናቸው። በ1915 ኒው ዮርክ ከሳን ፍራንሲስኮ ጋር በስልክ የተነጋገረችው በቫልቭ ጉልበት ነው። ራዲዮ ተከተለ። ሳሎን ጥግ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጥ የነበረውን፣ ሲከፍቱት ወዲያው የማይናገረውን፣ "ቆይ እስኪሞቅ" የሚባልለትን የድሮ ራዲዮ ከወላጆቻችሁ ወሬ ታውቁት ይሆናል። እንዲሞቅ ይጠበቅ የነበረው ያ የሚግለው ብረት ነው።

እንግዲህ ቫልቭ የሚያመርቱ ኩባንያዎች ቫልቭ መሸጥ አለባቸው። ቫልቭ የሚሸጠው ደግሞ ሰው በቫልቭ ምን መሥራት እንደሚቻል ሲያውቅ ነው። ስለዚህ አርሲኤን የመሰሉት ትልልቅ ኩባንያዎች ርካሽ የማጣቀሻ መጽሐፍ ያሳትሙ ነበር። ውስጡ የየቫልቩ ጠባይ በቁጥር ተዘርዝሮ፣ ከኋላው ደግሞ የራዲዮና የአምፕሊፋየር ንድፍ ከነሬዚስተሩ ከነካፓሲተሩ ልክ ተቀምጧል። ሥሩና ኮርጁ ማለት ነው። ትልቁ አስኮራጅ ፋብሪካው ራሱ ነበር። በ1936 አርሲኤ ያወጣው 6ኤል6 የተባለ ቫልቭና ከእሱ ብዙም ሳይዘገይ የመጣው ታናሹ 6ቪ6 የኋላው ዘመን የጊታር አምፖች ሁሉ ጡንቻ የሆኑት ወድቀው ተገኝተው አይደለም። በየመጽሐፉ ውስጥ እንዴት እንደሚገጠሙ ተጽፎ ነበር።

የጊታር አምፕ ጣቢያ መያዣው የተነቀለለት ራዲዮ ነው ብንል ብዙም አንዋሽም። ሊዮ ፌንደር ይህን በእጁ ያውቀዋል። በ1940ዎቹ አጋማሽ ዶክ ካውፍማን ከተባለ ወዳጁ ጋር አነስተኛ አምፖችንና የሃዋይ ጊታሮችን መሥራት ጀመረ፤ በ1946 ብቻውን ወጣ። የሠራቸው ሰርኪዩቶች መሠረታቸው በየመጽሐፉ ያለው ነው። የእሱ የሆነው ነገር የጠጋኝ ዓይን ነው። ራዲዮ ሲፈታ የኖረ ሰው፣ ዕቃው አንድ ቀን እንደሚበላሽና ሌላ ጠጋኝ እጅ ላይ እንደሚወድቅ ያውቃል። ስለዚህ ሬዚስተርና ካፓሲተሮቹን ቀለበት በተመታበት የፋይበር ሰሌዳ ላይ እንደ ወታደር አሰለፋቸው። የትኛው ቫልቭ የት እንደሚገባ የሚናገር ወረቀት ሣጥኑ ውስጥ ለጠፈ። ፋብሪካው ለየሞዴሉ ሁለት ሥዕል ነበረው፤ አንዱ ለተማረ ሰው የሚሆን የሰርኪዩት ንድፍ፣ ሌላው እያንዳንዱ ሽቦ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ ልክ እንደሚታየው የሚያሳይ የአቀማመጥ ሥዕል። ሁለተኛው ሥዕል ማንበብና መቁጠር ለሚችል ሁሉ ይገባል። ዛሬ ቤቱ አምፕ የሚሠራ ሰው ጠረጴዛው ላይ የሚዘረጋው እሱን ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ስለ ሴቶቹ ማውራት እንፈልጋለን። የጊታር መጽሔት ከገለጣችሁ ከዳር እስከ ዳር ወንድ ነው፤ የሚጫወተው ወንድ፣ የሚያደንቀው ወንድ፣ ስለ ቫልቭ የሚከራከረው ወንድ። ፉለርተን ፋብሪካ ውስጥ ግን እነዚያን ሽቦዎች የሚበይዱት በብዛት ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም የሜክሲኮ ዘር ያላቸው አሜሪካውያን። አንዲት ሠራተኛ አንድ አምፕ ሠርታ ስትጨርስ፣ በቁራጭ የወረቀት ፕላስተር ላይ ስሟን ጽፋ ውስጡ ትለጥፋለች። ያን ዘመን የተሠራ አምፕ ዛሬ ሲከፈት ፕላስተሩ ጠውልጎ፣ ስሙ ግን እየተነበበ ይገኛል። "ሊሊ" የሚለው ስም በሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በ1956 ፋብሪካውን የተቀላቀለችው አቢጌይል ይባራም የጊታሩን ድምፅ የሚያነሣውን ጥቅል እንደ ፀጉር በቀጠነ ሽቦ ስትጠቀልል ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆየች፤ በኋላ ጊታረኞች እሷ የጠቀለለችውን ለይተው መጠየቅ ጀመሩ። ፌንደር ጊታር መጫወት አለመቻሉን የሚጽፍ ሁሉ የአምፖቹን ብየዳ የሠራው ማን እንደሆነ ሲዘለል ስናይ ይገርመናል። ድምፁ የሚወጣው ከብየዳው ነው።

በ1952 የወጣው "ቤዝማን" የተባለው የፌንደር አምፕ ስሙ እንደሚናገረው ለቤዝ ጊታር የታሰበ ነበር። እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ ሲሻሻል ቆይቶ አራት ባለ አሥር ኢንች ስፒከር ያለው፣ 5ኤፍ6-ኤ በሚል የንድፍ ቁጥር የሚታወቅ ሆነ። የቤዝ ተጫዋቾቹ ምን እንዳሉት እንተወው፤ ጊታረኞቹ ግን ወደዱት። ታሪካችንም እሱን ተከትሎ ባሕር ይሻገራል።

እንግሊዝ ውስጥ ቤት ውስጥ አምፕ መሥራት ቀድሞም የነበረ ልማድ ነው። በ1947 "ዋየርለስ ወርልድ" የተባለው መጽሔት ዲ. ቲ. ኤን. ዊሊያምሰን የተባለ መሐንዲስ የነደፈውን፣ ኬቲ66 በተባሉ ቫልቮች የሚሠራ አምፕሊፋየር ከነሙሉ ዝርዝሩ አወጣ። ለሸክላ ሙዚቃ የታሰበ ነበር። አንባቢዎች ንድፉን እያዩ በየቤታቸው ሠሩት፤ ዝናው ከእንግሊዝ አልፎ ሄደ። ከጦርነቱ የተረፈ የራዲዮ ዕቃ በየሱቁ በርካሽ በሚሸጥበት አገር፣ መበየጃ መያዝ ለአንድ ጎረምሳ ብስክሌት እንደመንዳት ያለ ነገር ነበር። የአሜሪካ የሙዚቃ መሣሪያ ግን አይገኝም። እንግሊዝ ከ1951 እስከ 1959 ድረስ የአሜሪካ መሣሪያዎች እንዳይገቡ ከልክላ ነበር፤ እገዳው ከተነሣ በኋላም ፌንደር አምፕ ለአንድ ወጣት ሙዚቀኛ የማይቀመስ ዋጋ ነበረው።

በምዕራብ ለንደን ሃንዌል ሰፈር፣ ኡክስብሪጅ መንገድ ቁጥር 76 ላይ ጂም ማርሻል የተባለ ሰው በ1960 የከበሮ ሱቅ ከፈተ። እሱም ጊታር አይጫወትም። (እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሁለት!) ከበሮ መቺና የከበሮ አስተማሪ ነበር። ሱቁን የሚያዘወትሩት ወጣቶች፣ ፒት ታውንሼንድን ጨምሮ፣ ለጊታራችንም ዕቃ አምጣልን፣ የሚጮኽ አምፕ አምጣልን እያሉ ወተወቱት። ማርሻል ኤሌክትሮኒክስ አያውቅም። የሱቁ ጠጋኝ ኬን ብራን ግን ያውቃል። ሦስተኛው ሰው ኢኤምአይ ኩባንያ ውስጥ ሙያ ሲለማመድ የነበረው ወጣቱ ደድሊ ክሬቨን ነው። ሦስቱ ሆነው የፌንደርን ቤዝማን ከፊታቸው አስቀመጡና መኮረጅ ጀመሩ። ማርሻል በኋላ ሲያወራ፣ የተፈለገው ድምፅ የተገኘው በስድስተኛው ሙከራ ነው ይላል፤ ወሩም መስከረም 1962። ሱቁ ውስጥ ባሳዩበት ቀን ሃያ ሦስት ትእዛዝ ተቀበልኩ የሚለውም እሱ ራሱ ነው። ነጋዴ መሆኑን አትርሱ፤ እኛ ግን እናምነዋለን። ስሙንም ከራሱና ከልጁ ከቴሪ ስም አዋጥተው ጄቲኤም45 አሉት።

ንድፉን ከቤዝማን ጋር ጎን ለጎን ብታስቀምጡት ፈታኝ ሁለቱንም ወረቀት ይቀዳል። ድምፁ ግን አንድ አይደለም። ምክንያቱ ኮራጆቹ የመልሱን ወረቀት አገኙ እንጂ የአሜሪካን ዕቃ አላገኙም። ትራንስፎርመሩ እንግሊዝ ሱቅ የተገኘው ነው። ፌንደር በመግቢያው ያስቀመጠው ጭምት ቫልቭ ስላልነበረ ይበልጥ የሚያጎላው ኢሲሲ83 ገባ። ሲዘረጋ የነበረው የብረት ሳጥን አሉሚኒየም ሆነ። ኋላው ክፍት የነበረው የፌንደር ሣጥን ቀርቶ፣ አራት ባለ አሥራ ሁለት ኢንች የሴለስትዮን ስፒከር የያዘ ኋላው የተዘጋ ሣጥን ተሠራ። ብዙም ሳይቆይ እነዚያ የዊሊያምሰን ኬቲ66 ቫልቮች ሥራ ላይ ዋሉ። የእነዚህ ሁሉ ድምር ቶሎ የሚቆጣ አምፕ ሆነ።

መቆጣት ስንል፦ ቫልቭ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የድምፁን ሞገድ ጫፍና ጫፉን ይቆርጠዋል። ድምፁ ይሻክራል፣ ይወፍራል፣ ከክሩ ላይ ቶሎ አይጠፋም። ለሊዮ ፌንደር ይህ ጉድለት ነበር፤ አምፖቹን ባሻሻለ ቁጥር ድምፁ ጥርት እንዲል ነው የደከመው። በ1966 ኤሪክ ክላፕተን ከጆን ሜዮል ብሉዝብሬከርስ ጋር ለንደን ዴካ ስቱዲዮ ሲቀረጽ፣ የማርሻል አምፑን መድረክ ላይ እንደሚያደርገው ከፍቶ አልቀንስም አለ። የስቱዲዮ ሰዎች እንዲህ ያለ ጩኸት መቅረጽ አልለመዱም። አልበሙ ወጣና ከዚያ ወዲያ የጊታር ድምፅ ምን መምሰል እንዳለበት የብዙ ሰው ጆሮ ተለወጠ። በዚያው ዓመት ወደ ለንደን የመጣ አንድ አሜሪካዊ ጎረምሳም ከጂም ማርሻል ጋር ተገናኘ። ሙሉ ስሙ ጄምስ ማርሻል ሄንድሪክስ ነው፤ የሱቁ ባለቤት ስሙ ጄምስ ማርሻል ነው። ሞክሼዎቹ ተስማሙ፤ የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ታዲያ ስርቆት ነው ወይ? የሚጠይቀን አይጠፋም። እኛ ስርቆት አንለውም። ፌንደር ራሱ ንድፉን ያነጸው የቫልቭ ፋብሪካዎች ለሕዝብ በበተኑት ዕውቀት ላይ ነው፤ ዕውቀቱም የተገኘው የስልክ ኩባንያዎች ለሌላ ዓላማ ካካሄዱት ምርምር ነው። ፌንደር በጥር 1965 ኩባንያውን በ13 ሚሊዮን ዶላር ለሲቢኤስ ሲሸጥ በኩረጃ የከሰረ ሰው አይመስልም። ቅር የሚለን ሌላ ነገር ነው፤ በማርሻል ስም ውስጥ ጂም አለ፣ ቴሪ አለ፣ ሽቦውን የነካኩት ብራንና ክሬቨን የሉም። ኩረጃው ላይ ሳይሆን የስም አሰጣጡ ላይ ነው ቅሬታችን።

መኮረጅን የጠላም ነበር። አሌክሳንደር ደምብል የተባለ ካሊፎርኒያዊ በትእዛዝ፣ በጣት በሚቆጠር መጠን ለታዋቂ ሙዚቀኞች አምፕ ይሠራ ነበር። ሮበን ፎርድና ስቲቪ ሬይ ቮን ተጫውተውባቸዋል። ደምብል ሰርኪዩቱን ሠርቶ ሲጨርስ ማንም እንዳያየው በኢፖክሲ ሙጫ ይደፍነዋል። ሙጫው ደረቀ፣ ምስጢሩ ድንጋይ ሆነ። ከዚያስ? ሰዎች ሙጫውን በትዕግሥት እየፈቀፈቁ ከታች ያለውን ልክ አወጡ፤ ንድፉም ተሠራጨ። ደምብል በጥር 2022 ሲሞት የእጁ ሥራዎች ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ይሸጡ ነበር። ከሙጫው ሥር የተገኘው ነገር አመጣጡ ሲመረመር ደግሞ፣ መሠረቱ ያው የፌንደር ሰርኪዩት ነው።

ትራንዚስተር በታኅሣሥ 1947 ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ ከተወለደ ጀምሮ የቫልቭ ዕድሜ እየተቆጠረ ነበር። ርካሽ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ አይሰበርም። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የምዕራብ ፋብሪካዎች አንድ በአንድ የቫልቭ መስመራቸውን ዘጉ። ቫልቭ መሥራቱን ያልተወው ምሥራቁ ነው። በመስከረም 1976 ቪክቶር ቤሌንኮ የተባለ የሶቪየት አብራሪ ሚግ-25 ይዞ ከድቶ ጃፓን ሃኮዳቴ ሲያርፍ፣ አውሮፕላኑን የበታተኑት የምዕራብ መሐንዲሶች ራዳሩ ውስጥ ቫልቭ አግኝተው ተደነቁ። የቀዝቃዛው ጦርነት ልማድ በኋላ ለጊታረኞች ሲሳይ ሆነ። ዛሬ የአብዛኛው ዓለም የጊታር ቫልቭ የሚሠራው ሩሲያ ሳራቶቭ፣ ስሎቫኪያ ቻድሳና ቻይና ውስጥ ነው። የሳራቶቩን ፋብሪካ የገዛው ኤሌክትሮ-ሃርሞኒክስ የተባለውን የጊታር ዕቃ ኩባንያ የመሠረተው ኒውዮርካዊው ማይክ ማቲውስ ነው። በመጋቢት 2022፣ የዩክሬን ጦርነት በተጀመረ ማግሥት፣ ሩሲያ ብዙ ዕቃ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስትከለክል የሳራቶቭ ቫልቭም ተያዘ። ጭነቱ በኋላ ቢለቀቅም፣ በሰሞኑ የሱቆች ክምችት እየተጠረገ ዋጋው ወጣ። አምፑን በቤትህ ልትሠራው ትችላለህ፤ ቫልቩን ግን የትም ቤት አትሠራውም። ኩረጃው የሚቆምበት አጥር ይህ ነው።

እስቲ አሁን ቤት ውስጥ የሚሠራው ሰው ምን እንደሚያደርግ እንይ። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው በፌንደር "ቻምፕ" ነው፤ የንድፍ ቁጥሩ 5ኤፍ1። ለጀማሪ ተማሪ ታስቦ የተሠራ ትንሽ አምፕ ነው። ሦስት ቫልቭ ብቻ አለው፦ የጊታሩን ምልክት የሚያነሣው 12ኤኤክስ7፣ ስፒከሩን የሚገፋው 6ቪ6፣ የግድግዳውን ተለዋዋጭ ጅረት ቀጥተኛ የሚያደርገው 5ዋይ3። አንድ ባለ ስምንት ኢንች ስፒከር፣ አንድ የድምፅ መቆጣጠሪያ፣ አምስት ዋት ገደማ ጉልበት። ሰሌዳው ላይ የሚሰለፉት ሬዚስተርና ካፓሲተሮች ከሃያ አይበልጡም። የብረት ሳጥኑን ትበሳለህ፣ ትራንስፎርመሮቹን ታስራለህ፣ የቫልቮቹን ማሞቂያ ሽቦ እንደ ሹሩባ ትጎነጉናለህ (ጉንጉኑ ለውበት አይደለም፤ ሽቦዎቹ የሚረጩት ሁካታ እርስ በርሱ እንዲጠፋፋ ነው)፣ ከዚያ የአቀማመጥ ሥዕሉን እያየህ ትበይዳለህ። የበየድከውን ሽቦ በሥዕሉ ላይ በቀለም ታሰምርበታለህ። ችኩል ያልሆነ ሰው በጥቂት ቀናት ይጨርሰዋል።

አሁን በደንብ አንብቡን። ቻምፕ ትንሽ ነው ማለት የዋህ ነው ማለት አይደለም። ውስጡ ከሦስት መቶ ቮልት በላይ ቀጥተኛ ጅረት አለ። ከሁሉ የሚከፋው፣ ካፓሲተር የጠጣውን ኤሌክትሪክ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ይዞ ሊቆይ ይችላል። ተነቅሏል ብሎ እጁን የሚከት ሰው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ካፓሲተሩ በሬዚስተር በኩል እንዲፈስ ይደረጋል፤ ከዚያ በቴስተር ተለክቶ ዜሮ መሆኑ ይረጋገጣል፤ እጅ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የድሮ ጠጋኞች በተከፈተ ዕቃ ላይ ሲለኩ አንድ እጃቸውን ኪሳቸው ይከቱ ነበር፤ ጅረት ከእጅ ወደ እጅ ልብን አቋርጦ እንዳይሄድ። መሬት የሚባለው ሦስተኛው ሽቦም አለ። የ1950ዎቹ ቻምፕ ሁለት ሽቦ ብቻ ነበረው፤ በዚህ ነገር መኮረጅ ሞኝነት ነው። በግንቦት 1972 ስቶን ዘ ክሮውስ የተባለው ባንድ ጊታሪስት ሌስሊ ሃርቪ ስዋንዚ ከተማ መድረክ ላይ እንዳለ መሬት ያልነካ ማይክሮፎን ይዞ ሞተ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር።

ለእኛ አገር የሚጨመር አንድ ነገር አለ። የአሜሪካው ሥዕል ለአሜሪካ ግድግዳ ነው የተሣለው፤ እዚያ 120 ቮልት ነው፣ እዚህ 220። ትራንስፎርመሩ ሲገዛ ወይም ሲያስጠቀልሉት ለ220 የሆነውን ማለት የግድ ነው። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ደግሞ አምፑ በቀጥታ ግድግዳ ላይ አይሰካም። መጀመሪያ በመንገዱ ላይ አንድ የድሮ ዓይነት አምፖል፣ ክሩ የሚግለው፣ በተከታታይ ይገጠማል። ውስጥ የተሳሳተ ሽቦ ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል፣ አምፑም ከመቃጠል ይተርፋል። ለአፍታ ደምቆ ከደበዘዘ ደግ ነው። ስፒከር ሳይገናኝለትም አይከፈትም፤ የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል።

ቫልቮቹ እስኪሞቁ ይጠበቃል። ከዚያ ጊታሩ ሳይነካ በፊት ከስፒከሩ አንድ ቀጭን "እም" የሚል ድምፅ ይወጣል። ያ ድምፅ የመብራት ኃይሉ የራሱ ንዝረት ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ ስለዚህ የፉለርተን አምፕ እምታ ከቢ ኖታ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በቢና በቢ ፍላት መካከል ይወድቃል። እኛ አገር የሚመላለሰው 50 ጊዜ ነው። ያው ንድፍ፣ ያው ቫልቭ፣ ያው የብየዳ ቅደም ተከተል ሆኖ፣ አዲስ አበባ የተሠራው ቻምፕ በጂ ነው የሚያንጎራጉረው።